ሆምላል ጋሃ በመስኮቱ ፊት የቆመባት አሥራ አምስት ደቂቃ

ዛሬ በቢክራም አቆጣጠር ሁለት ሺህ አርባ አምስት ዓመት፣ የመንግሲር ወር አሥራ ሰባተኛው ቀን ነው። ይህን የምጽፈው እኔ፣ ጃሃር ሲንግ ሳሩ ማጋር፣ በሲማልቤሲ መነኸሪያ የመኪኖችን የመውጫና የመግቢያ ሰዓት የምመዘግብ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት የተቀመጥሁት ሦስት ዓመት ብቻ ስለሆነ አጣፍጬ መጻፍ አይሆንልኝም። ያየሁትን አየሁ እላለሁ፤ የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁት እናገራለሁ።

ስለ ሹፌሩ ሆምላል ጋሃ ለመጻፍ የተነሣሁት የከተማችን ሰው «የመሥመር ፈቃዱን ዕድሉ ከለከለው» እያለ ሲያወራ በመስማቴ ነው። መነኸሪያ ውስጥ በሠራሁባቸው አሥራ ስምንት ዓመታት ዕድል የሚባለውን ነገር አንድም ቀን ሲገባም ሆነ ሲወጣ አልመዘገብሁትም። ሆምላልን ፈቃድ የከለከለው ማን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሆምላል የተወለደው ከሲማልቤሲ በላይ፣ በእግር የአምስት ሰዓት ዳገት ተወጥቶ በሚደረስባት በኮልዳንዳ መንደር ነው። በሰው አውቶቡስ ላይ ጎማ ከማጠብ ተነሥቶ መሪ እስከ መጨበጥ ደረሰ፤ ከዚያም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌሎችን መኪና ነዳ። በነዚህ ሃያ ሁለት ዓመታት አንድም ጊዜ አልገለበጠም። ይህን አልክድም፤ የአሥራ ስምንቱን ዓመት መዝገቤም ይመሰክርለታል። በዝናብ ወራት፣ መንገዱ እንደ ሳሙና በሚያዳልጥበት ጊዜ፣ ሌላው ሹፌር በገደሉ በኩል ያለውን በር ከፍቶ ለመዝለል ተዘጋጅቶ ሲነዳ እርሱ በሩን ዘግቶ ያፏጭ ነበር። እጁ ብልህ ነው። እጁ የሚያውቀውን ግን ራሱ አያውቅም።

ማክሰኞ ቀን ወደ ሰሜን አይነዳም። ሲወጣ ባዶ እንስራ የተሸከመች ሴት ካጋጠመችው ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፤ ሙሉ እንስራ ካጋጠመችው ደግሞ ሳንቲም ይወረውርላታል። አንድ ጊዜ አርባ ሦስት ተሳፋሪ አሳፍሮ፣ የመውጫ ሰዓቱን እኔ ራሴ ጠርቼ፣ መኪናው ሊነቃነቅ አልቻለም። ሄጄ በመስኮቱ በኩል ጠየቅሁት።

«ምን ሆነህ ነው የማትወጣው?»

«ድመት አቋረጠች፣ ዳይ።» ታናሽ ታላቁን እንደሚጠራ ዳይ ነው የሚለኝ።

«ታዲያ ድመቷ ሄደች አይደል? አንተስ?»

«ሌላ ሰው ቀድሞ ይለፍባት። ከዚያ እኔ እከተላለሁ።»

ከኋላ ያለች አንዲት አሮጊት ሹፌር በሚጠራበት ቃል ጮኸች፦ «ጉሩ! እኔ ልውረድና ልለፍባት? ከዚህ ወዲያ ምን ዕድሜ ቀርቶኛል ብዬ እሰስታለሁ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሆምላልም ሳቀ፤ ግን አልነዳም። በመጨረሻ አንድ ፍየል ነጂ አለፈና ወጡ። በመዝገቤ ላይ «ሃያ አምስት ደቂቃ ዘገየ፤ ምክንያት፦ ድመት» ብዬ ጻፍሁ። የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ላብራጅ ካንዴል ይህን አንብቦ ቀልድ መስሎት ነበር። እኔ በመዝገብ ላይ አልቀልድም።

ስለ ላብራጅ ሁለት ቃል ልበል። ይህ ሰው የሦስት አውቶቡሶች ጌታ ነው፤ ነገር ግን መኪና ወደ ኋላ ማስኬድ አይችልም። አንድ ጊዜ ሲሞክር የመነኸሪያውን ሽንት ቤት ግድግዳ ጥሷል። በውስጥ የነበረው ሰው የሲማልቤሲ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሲሆን እስከ ዛሬ ላብራጅን ሰላም አይለውም። በላብራጅ ጣቶች ላይ አራት የከበረ ድንጋይ ያላቸው ቀለበቶች አሉ፤ አንዱ ለሳተርን፣ አንዱ ለማርስ፣ የሌሎቹን ረስቻለሁ። ላብራጅ ግን ከሆምላል የሚለይበት ነገር አለ፦ ከዋክብትን የሚፈራው ሰው ሲያየው ብቻ ነው።

ወደ ኮልዳንዳ የሚወጣው መንገድ በቡልዶዘር የተከፈተው ዓምና ነው። ሆምላል ይህን ሲሰማ የታችኛውን የሩዝ ማሳውን ሸጠ፤ ሚስቱ ማይሳራ የአንገት ወርቋን አወጣች፤ ያገለገለች አረንጓዴ ጂፕም ገዙ። ምን እንደሚፈልግ ሸሽጎ አያውቅም። ሻይ ቤት ተቀምጦ ለሰማውም ላልሰማውም ይናገር ነበር፦

«ሃያ ሁለት ዓመት በሊብሬው ላይ የሰው ስም፣ በታፔላው ላይ የሰው ስም። አሁን ግን በገዛ መንደሬ መንገድ፣ በገዛ ስሜ ነው የምነዳው። ከዚያ ወዲያ ብሞትም ግድ የለኝም።»

«ከሞትህማ ማን ይነዳታል?» አሉት።

«ይኼን አላሰብኩበትም» አለ። እውነቱን ነው፤ አላሰበበትም።

ጂፕ መግዛት ግን በመንገድ ላይ ሰው አሳፍሮ ማስከፈልን አይፈቅድም። የመሥመር ፈቃድ ያስፈልጋል። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በበሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በኮልዳንዳ መሥመር የሚሰማሩት ተሽከርካሪዎች አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። ቀድሞ ላመለከተ ቅድሚያ ይሰጣል። ማመልከቻ የሚቀበሉት ለሠላሳ አምስት ቀን ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ያመለክታል። ሆምላል ግን ወረቀቱን አሟልቶ ካበቃ በኋላ እንኳ ወደ መስኮቱ አልሄደም። ወረቀቱን ያሟላው ደግሞ በቀላሉ አልነበረም፤ የመንደሩ ሸንጎ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የግብር ማረጋገጫ፣ የመድን ወረቀት፣ የቴክኒክ ምርመራ። ለምርመራው ሲሄድ ጂፗን በቢጫ አበባ ጉንጉን ጠቅልሎ፣ ከፊት መከላከያው ሥር ሎሚና ሰባት ቃሪያ አንጠልጥሎ፣ ከኋላ ደግሞ ለክፉ ዓይን አሮጌ ጫማ አስሮ ነበር። መርማሪው ዞሮ ዞሮ አያት።

«ይቺ ጂፕ ናት ወይስ ቤተ መቅደስ?»

«ጂፕ ናት፣ ጌታዬ።»

«ታርጋዋ የታለ?»

«ከአበባው ሥር።»

«ፍሬቻዋስ?»

«እሱም ከአበባው ሥር ነው።»

«ፍሬንስ አላት? ወይስ እሱንም ለአማልክት አደራ ሰጥተኸዋል?»

ሆምላል አሳፍሮት በዳገቱ ወጣ፤ በቁልቁለቱ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ረገጠና እንደ ችካል አቆማት። መርማሪው ግንባሩን እያሻሸ ወረደና ፈረመ። እንግዲህ ሆምላል ወረቀቱ ሙሉ ነበር፤ ዘመድ አላስፈለገውም፣ ጉቦም አልሰጠም። ይህ ደግሞ በሲማልቤሲ ብርቅ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ማመልከቻው የሚገባበትን መልካም ሰዓት ፍለጋ ወደ ኮከብ ቆጣሪው ካህን፣ ወደ ፓንዲት ኡማካንት ሄደ። ፓንዲቱ የዓመቱን የከዋክብት መቍጠሪያ መጽሐፍ ገልጠው፣ በጣቶቻቸው አንጓ ላይ ቆጥረው፣ በሠላሳ አምስቱ ቀናት ውስጥ ለሆምላል የሚስማማ አንድ ቀን ብቻ አገኙ። ይህም የመጨረሻው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው። ለዚህ ውለታ ሁለት ዶሮና አንድ ሙዳይ ሩዝ ወሰዱ። ሥጋ አይበሉም፤ ዶሮዎቹ የት እንደደረሱ አላውቅም።

በዚያ መሐል ሰው ቦታውን ይይዝ ጀመር። አሥራ አንዱ ሲሞላ ሰባቱ የላብራጅ ዘመዶች ነበሩ። አንድ ብቻ ቀረ። ሆምላልን ጠርቼ ነገርሁት።

«አንድ ቀርቷል። ዛሬውኑ አግባ።»

«ሐሙስ ነው የኔ ቀን፣ ዳይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«የዘገየችስ? የምትለቅመውም አታገኝም።»

«ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይዛት ነው የምትፈራው? ከተመዘገቡት ሌላ ኮልዳንዳ የሚወጣ ጂፕ ያለው ማን ነው? የላብራጅ አሮጌ ጂፕ እንደሆነች ጋራዥ ውስጥ ሆዷን ገልጣ ተኝታለች።»

ይህ እውነት ነበር። እኔም ሄጄ አይቻታለሁ፤ ሞተሯ መሬት ላይ ነበር።

ሆምላል ሊሄድ ካለ በኋላ ተመለሰና ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ መጻፍ አልወድም፤ ነገር ግን ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ ብያለሁ። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት መንግሥት የአገሩን ሰዓት ከሕንድ ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ አስቀድሞት ነበር። መሥሪያ ቤቱና ሬዲዮው በአዲሱ ሰዓት ሲሄዱ፣ በኮረብታው ያሉ ሽማግሌዎች ግን «አሮጌው ሰዓት» እያሉ በቀድሞው ይኖሩ ነበር። ሆምላልም፦

«ዳይ፣ አንተ የሰዓት ሰው ነህ። ፓንዲቱ አምስት ከአርባ ያሉኝ በአሮጌው ነው ወይስ በአዲሱ?» አለኝ።

የማለዳው አውቶቡስ ሊወጣ ክላክስ ያስጮህ ነበር፤ እኔም ቸኩዬ ነበር። ደግሞም ጥያቄው አናደደኝ።

«ፓንዲቶች ሁሉ የሚገልጡት የባናራስን መቍጠሪያ ነው፤ ሕንድ የታተመውን። በአሮጌው ነው። አሥራ አምስት ጨምርበት» አልሁት።

«አምስት ከሃምሳ አምስት» አለና እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ።

ሐሙስ ደረሰ። የወሩን መዝገብ ላስረክብ ወደ መሥሪያ ቤቱ ስሄድ ሆምላልን ከሰልፉ መጀመሪያ አገኘሁት። ማይሳራ ከንጋት በፊት እርጎና እንቁላል አብልታ፣ በደጃፉ ግራና ቀኝ ውኃ የሞላ እንስራ አቁማ፣ በግንባሩ ላይ በእርጎና በቀይ ቀለም የተለወሰ ሩዝ ለጥፋ ልካዋለች። ሩዙ ደርቆ እየረገፈ በአፍንጫው ላይ ይወርድ ነበር። ከኋላው ላብራጅ ካንዴል ፋይል በብብቱ ይዞ ቆሟል። ላብራጅ ሰልፍ ላይ ቆሞ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ጃንጥላውን ልኮ ያስቆማል።

«ሊቀ መንበር፣ ምን አመጣህ?» አልሁት።

«እድሳት ነው፣ ጃሃር ሲንግ። የአውቶቡሶቼ። ማኅተም ብቻ።»

ፋይሉን አየሁት። ለእድሳት ሁለት ወረቀት ይበቃል፤ ይህ ግን ወፍራም ነበር።

ጸሐፊው በአራት ሰዓት መግባት ሲገባው አምስት ከሃያ ሲሆን ገባ። ወንበሩን አራገፈ፣ ሻይ ጠጣ፣ ለብርዱ ያደረገውን ሻርፕ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። መዝገቡን ሲገልጥ በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት አምስት ከአርባ ይል ነበር። በክንዴ ካለው ሰዓት ጋር አስተያየሁት፤ ልክ ነው።

«ቀጣይ!»

ሆምላል አልተንቀሳቀሰም።

«አንተ ነህ እኮ ቀጣዩ! ምን ፈልገህ ነው?»

«የኮልዳንዳ መሥመር፣ ጌታዬ። ግን ትንሽ ደቂቃ።»

«ወረቀት ጎድሎብህ ነው?»

«ኧረ ሙሉ ነው። መልካሙ ሰዓት አልገባም። አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «ስማ፣ እኔ እዚህ የተቀመጥሁት ለሰርግህ ነው እንዴ?»

በሰልፉ ያለው ሳቀ። ላብራጅ ግን አልሳቀም፤ እጁን በሆምላል ትከሻ ላይ አኖረ። «ተዉት፣ ተዉት። ሰዓት የሚያከብር ሰው ነው። ከሰዓት ጋር የሚጣላ ማን አለ? ሆምላል ወንድሜ፣ እስከዚያ እኔ እድሳቴን ላስመታና ልሂድልህ። መስኮቱም ባዶውን አይቆይም።»

«እሺ፣ ሊቀ መንበር። እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሆምላል ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።

በዚህ ጊዜ ከአፌ ወጣ። «ሆምላል! ወረቀትህን ስጥ።»

ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ ላይ መገረም እንጂ ቁጣ አልነበረም። «ዳይ፣ አሥራ አምስት ጨምር ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ በዚህ ከተማ ውስጥ ሰዓት በመናገር የምኖር ሰው ነኝ። በሰው ፊት ቃሌን አላጥፍም፤ አላጠፍሁምም።

ላብራጅ ፋይሉን በመስኮቱ አስገባ። ጸሐፊው ገልጦ አየ፣ ወደ ላብራጅ አየ፣ እንደገና ወደ ፋይሉ አየ። ከዚያ ጻፈ፣ ማኅተም መታ። ላብራጅም ማንንም ሳያይ ወጣ፤ ቀለበቶቹ በበሩ እጀታ ላይ ሲጋጩ ሰማሁ።

ልክ አምስት ከሃምሳ አምስት ሲሆን ሆምላል ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ወደ መስኮቱ ቀረበ፤ ወረቀቱን በሁለት እጁ አድርጎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰጠ። ጸሐፊው አልተቀበለውም።

«የኮልዳንዳ መሥመር ሞልቷል።»

«መቼ?»

ጸሐፊው መዝገቡን አዙሮ አሳየው። ሆምላል ማንበብ ስለማይችል እኔ አነበብሁለት። ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት፣ የላብራጅ ካንዴል የሚስት ወንድም፣ ተሽከርካሪ፦ ያገለገለ ጂፕ፣ የገባበት ሰዓት፦ አምስት ከአርባ አንድ። ያቺ ሆዷ የተገለጠ ጂፕ በዋዜማው ሞተሯ ተመልሶላት፣ በገመድ ተስባ፣ ምርመራውን አልፋለች። በገመድ ተስባ መሄዷን የነገረኝ ገመዱን ያዋሰው ሰው ነው።

ሆምላል ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢጮኽ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። እርሱ ግን ወረቀቱን ሰብስቦ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በደረቱ ከተተና፦

«እንግዲህ በሰዓቱ ነው ያቀረብኩት። ከኔ የሚጠበቀውን አድርጌያለሁ» አለ።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ልጻፍ። የላብራጅ ዘመድ ጂፕ በሁለተኛው ሳምንት ዳገቱ መሐል ላይ ቆመች፤ ዛሬም እዚያው ቆማለች፤ ዶሮ ያድርባታል። ፈቃድ ያለው መኪና አጣ፤ መኪና ያለው ፈቃድ አጣ። ስለዚህ ላብራጅ ወደ ሆምላል ቤት ሄደ። ማይሳራ እንደነገረችኝ በሩ ላይ ቆሞ «ወንድሜ፣ በመካከላችን ቂም ይቅር» አለው፤ የዳጉሳ አረቄም ይዞ መጥቶ ነበር፤ ግማሹን ራሱ ጠጣው። በማግስቱ የሆምላል ጂፕ «ተለዋጭ ተሽከርካሪ» ተብላ በላብራጅ ዘመድ ፈቃድ ላይ ተጻፈች። አሁን ሆምላል በገዛ መንደሩ መንገድ ላይ የገዛ ጂፑን በደመወዝ ይነዳል። በታፔላው ላይ የሰው ስም አለ።

ባለፈው ሳምንት ከኮልዳንዳ ወርዶ መዝገቤ ፊት ቆመ። ግማሽ ሰዓት ዘግይቷል።

«ምክንያት?» አልሁት።

«ባዶ እንስራ።»

ብዕሬን አስቀመጥሁ። «አንተ ሰው፣ አታፍርም? ማሳህ ሄደ፣ የሚስትህ ወርቅ ሄደ፣ የሰው ሎሌ ሆነህ የራስህን መኪና ትነዳለህ። ያ ሰዓትህ ምን አተረፈልህ?»

«አልተገለበጥኩም አይደል?» አለኝ ረጋ ብሎ። «ዓመት ሙሉ በዚያ ገደል። የላብራጅ ዘመድ በክፉ ሰዓት አስገባ፤ ጂፑ መሐል መንገድ ቀረች። እኔ አሥራ አምስት ደቂቃ ታገሥኩ፤ ይኸው ጎማዬ እንኳ አልፈነዳም። ያን ቀን ስለመከርከኝ፣ ዳይ፣ እስከ ዛሬ አመሰግንሃለሁ። ማይሳራም ታመሰግንሃለች።»

እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሄደ። እኔ ይህን ሰው እንቀዋለሁ። ላብራጅንም እንቀዋለሁ፤ እርሱን መናቅ ግን ቀላል ነው፤ ሌባ ነው። የሆምላል ምስጋና ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሣኝ።

በአራተኛው ቀን መዝገቤን ለባልንጀራዬ አደራ ሰጥቼ ወደ ፓንዲት ኡማካንት ቤት ወጣሁ። ፓንዲቱ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይፍቁ ነበር።

«ባጄ፣ ያለፈውን ዓመት መቍጠሪያ ማየት ፈልጌ ነበር» አልኋቸው፤ ባጄ አያቴ እንደማለት ነው።

«ያለፈው ዓመት አለፈ እኮ። ምን ሊያደርግልህ?»

«ላየው ብቻ ነው።»

«ለማየት ብቻ አይሰጥም» አሉ፤ ሩዝ ይዤ እንደሆነ እጄን እያዩ። ይዤ ነበር። ከሣጥናቸው ግርጌ አውጥተው ሰጡኝ።

ቀስ ብዬ የማነብ ሰው ስለሆንሁ ሽፋኑን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የታተመው በባናራስ አልነበረም፤ በካትማንዱ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ሰዓቶቹ ሁሉ በአዲሱ የአገሪቱ ሰዓት እንደተሰሉ ተጽፏል። የመንግሲርን ገጽ ገለጥሁ፤ በዚያ ሐሙስ አጠገብ በፓንዲቱ እርሳስ የተከበበው ሰዓት አምስት ከአርባ ነው፤ የሚጨመርበትም ደቂቃ የለም።